የሕግ ጽሑፍ ማስተማር በሳምንት የሁለት ሰዓት ሥራ አይደለም

በሕግ ትምህርት ቤት የሕግ ጽሑፍን በትርፍ ሰዓት ስለ ማስተማር አንድ ጠበቃ የጻፉትን መጣጥፍ ሰሞኑን ባልደረቦቼ ሲቀባበሉት ቆይተዋል። የጸሐፊው ምክር ባጭሩ እንዲህ ነው። ሥራው በሳምንት አንድ ምሽት ሁለት ሰዓት ብቻ ስለሚወስድ፣ ዕድሉን ያገኘ ጠበቃ ሳያመነታ ይቀበል። ትምህርቱ በመሠረቱ ሰዋስው ነው፤ በመጻፍ የሚተዳደር ባለሙያ ለማስተማር የተለየ ዝግጅት አያስፈልገውም። እርማቱን አንድ የናሙና መልስ ለሁሉም በማደል ማቃለል ይቻላል፤ የቀረውን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሠራዋል። ደግሞም ተማሪዎች መጻፍን የሚማሩት ሥራ ከያዙ በኋላ ነው። ክፍያው ትንሽ መሆኑም አያሳስብም፤ መምህሩ ሌላ ገቢ አለውና።

እኔም በጥብቅና እየሠራሁ ይህንኑ ትምህርት በትርፍ ሰዓት አስተምራለሁ፤ ሥራውን እወደዋለሁ። ብዙ ጠበቆች ወደ ክፍል እንዲመጡም እመኛለሁ። መጣጥፉ ግን የሚጠራቸው በተሳሳተ ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡ ሲጎድል የሚከፍሉት ደግሞ ተማሪዎች ናቸው። መልስ ለመጻፍ የተነሣሁት ለዚህ ነው።

ከሰዋስው ልጀምር። ጸሐፊው በማስረጃነት ያቀረቡት በአሜሪካ የሜይን ግዛት ወተት አከፋፋይ ሾፌሮች ኦክኸርስት በተባለው አሠሪያቸው ላይ ያነሡትን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ክስ ነው። ሕጉ ውስጥ አንዲት ኮማ በመጉደሏ ድርጅቱ በ2018 እ.ኤ.አ. 5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ስለዚህ የሕግ ጽሑፍ መምህር ዋና ተግባር ሥርዓተ ነጥብን ማስተማር ነው ይላሉ። ጉዳዩ ለመማሪያነት እጅግ ጥሩ ነው። ውሳኔውን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ግን የሚያገኘው የዚህን ተቃራኒ ነው።

የግዛቱ ሕግ ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ውጭ የሚሆኑ ሥራዎችን ይዘረዝራል። ከመጨረሻው «ወይም» በፊት ኮማ ባለመኖሩ የዝርዝሩ መጨረሻ ሁለት ዓይነት ንባብ ይቀበላል። በአንደኛው ንባብ ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ውጭ የተደረገው ሥራ ማሸግ ብቻ ነው፤ የሚታሸገውም ለማጓጓዝ ወይም ለማከፋፈል ነው። በሁለተኛው ንባብ ደግሞ ለማጓጓዝ ማሸግ አንድ ሥራ፣ ማከፋፈል ሌላ ሥራ ነው። ሾፌሮቹ ያከፋፍላሉ እንጂ አያሽጉም፤ ስለዚህ ክፍያው በሙሉ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነበር። ድርጅቱ የግዛቱን የሕግ አረቃቅ መመሪያ አቀረበ፤ መመሪያው በዝርዝር መጨረሻ ላይ ኮማ እንዳይገባ ይመክራልና የኮማው አለመኖር ምንም አይናገርም ሲል ተከራከረ። ሾፌሮቹ በበኩላቸው በዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ቃላት የተመሠረቱበትን ቅርጽ እያነጻጸሩ መልስ ሰጡ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. ሁለቱንም ወገን ከመረመረ በኋላ ሐረጉ አሁንም አሻሚ ነው አለ። ለሾፌሮቹ የወሰነውም የክፍያ ሕጎች የወጡለትን የጥበቃ ዓላማ እንዲያሳኩ በሰፊው ይተረጎማሉ የሚለውን የግዛቱን የአተረጓጎም ደንብ ይዞ ነው። ሁለቱም ወገኖች የሰዋስው ክርክራቸውን አሟጠው አቅርበዋል፤ ጉዳዩ ግን በሰዋስው አልተቋጨም። ይህን ጉዳይ ለተማሪዎች ሰጥቶ ኮማ ላይ ብቻ የሚያቆም መምህር ግማሹን ትምህርት ጥሎታል።

በክፍልም የማየው ይህንኑ ነው። ወደ እኔ የሚመጡት ተማሪዎች አብዛኞቹ ዓረፍተ ነገር መሥራት ይችላሉ። የሚቸግራቸው ሌላ ነው። አንዲት ተማሪ ድንጋጌውን ቃል በቃል ትገለብጣለች፣ ፍሬ ነገሩን በሚገባ ትተርካለች፣ ወዲያው ተከሳሹ ኃላፊ ነው ብላ ትደመድማለች። በሕጉና በመደምደሚያው መካከል መኖር የነበረበት ሐተታ የለም። ድንጋጌው የሚጠይቃቸው ሦስት ነገሮች ከሆኑ፣ ሦስቱ እያንዳንዳቸው ከየትኛው ፍሬ ነገር ጋር እንደሚገናኙ፣ የትኛው እንደሚያከራክርና ተቃራኒው ወገን ምን ሊል እንደሚችል አልተጻፈም። ጽሑፏ ላይ አንድም የሰዋስው ስሕተት ላይገኝ ይችላል። ጭብጥ፣ ሕግ፣ ሕጉን ከፍሬ ነገሩ ጋር ማዛመድ፣ መደምደሚያ የሚለውን ቅደም ተከተል በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም በቃሉ ይይዘዋል፤ ሦስተኛውን ደረጃ በትክክል መጻፍ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚፈጅ ነው። አጭር መጻፍም ቢሆን የጌጥ ጉዳይ አይደለም። በአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቶች ዋናው የጽሑፍ ክርክር ከ13,000 ቃላት እንዳይበልጥ በደንብ ተገድቧል፤ የመልስ መልሱ ደግሞ የዚያን ግማሽ ነው። ምን እንደሚተው ለመወሰን የትኛው መከራከሪያ ክብደት እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ የሕግ ዕውቀት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ በመጻፍ የሚኖር ጠበቃ ማስተማር አያቅተውም የሚለው፣ ግማሽ እውነት አለው፤ ያንን ግማሽ ከልቤ እቀበላለሁ። ዳኛ ረጅም መግቢያ ሲያነብ ምን እንደሚሰማው፣ ደንበኛ የሕግ አስተያየት ሲቀበል መጀመሪያ የሚፈልገው መልሱን እንደሆነ፣ የተቃራኒ ወገን ጠበቃ የላላች ዓረፍተ ነገርን እንዴት እንደሚጠቀምባት ከመጽሐፍ ይልቅ ችሎት ያስተምራል። ተማሪዎችም ትናንት ክርክር ያቀረበ ሰው ሲነግራቸው በሌላ ጆሮ ያዳምጣሉ።

ነገር ግን ልምድ ያለው ጠበቃ ብዙ እርምጃዎችን ሳያውቀው ይዘላል። የክስ ማመልከቻ ሲያነብ ጭብጡ ወዲያው ይታየዋል፤ እንዴት እንደታየው ጠይቁት፣ መልሱ ይጠፋዋል። መምህር የሚያስፈልገው ይህን የተዘለለ መንገድ እየቆጠረ መልሶ መሄድ ነው። ከዚህም በላይ ከቢሮ ይዘነው የምንመጣ አንድ ልማድ አለ። በቢሮ ውስጥ ጀማሪው ጠበቃ ረቂቅ ሲያመጣ አለቃው ብዕሩን አንሥቶ ራሱ ይጽፈዋል፤ ትክክልም ነው፣ ሰነዱ ዛሬ ሬጅስትራር መድረስ አለበት። በትምህርት ቤት ግን ሰነዱ የትም አይሄድም፤ ወደ ውጭ የሚወጣው ተማሪው ነው። የተማሪውን አንቀጽ እኔ አሳምሬ ብጽፈው ጽሑፉ ይሻሻላል፣ ተማሪው ግን እንዳለ ይቀራል። ኅዳግ ላይ «ግልጽ አይደለም» ብሎ መጻፍም ብዙ አይረዳም፤ ግልጽ መስሎት ነው የጻፈው። የሚረዳው እንዲህ ያለው ነው፦ «የጠቀስከው ውሳኔ ላይ ሻጩ የዕቃውን ጉድለት ያውቅ ነበር። በእኛ ጉዳይ ግን ሻጩ ማወቁን የሚያሳይ ነገር የለም። ይህ ልዩነት መደምደሚያህን ይነካዋል? ካልነካው ለምን?» ይህን ጥያቄ ለመጻፍ መምህሩ ውሳኔውን ማንበብ፣ የተማሪውን አሳብ ከተማሪው በላይ መከታተል፣ መልሱንም ከመናገር መታቀብ አለበት። መታቀቡ ከሁሉም ይከብዳል። ጥሩ ጸሐፊ መሆን ለዚህ ሥራ መነሻ ነው፤ ሥራው ራሱ ግን በልምምድ የሚገኝ ሌላ ሙያ ነው። በአሜሪካ የዚህ ትምህርት መምህራን በ1984 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ተቋም የመሠረቱትም አሰጣጡ እርስ በርስ መማማርን የሚጠይቅ ሆኖ ስላገኙት ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ፤ የመጣጥፉ ትልቁ ስሕተት እዚህ ነውና። በክፍሉ ውስጥ 20 ተማሪዎች አሉ እንበል። በሴሚስተሩ ሦስት የጽሑፍ ሥራዎች ይሰጣሉ፤ እያንዳንዱ ረቂቅና የመጨረሻ ቅጂ አለው። 120 ጽሑፎች ማለት ነው። አንዱን በቁም ነገር አንብቦ አስተያየት ለመጻፍ 40 ደቂቃ ብንመድብ 80 ሰዓት ይሆናል። እያንዳንዱን ተማሪ ሁለት ጊዜ ለ20 ደቂቃ ለብቻው ማነጋገር ከ13 ሰዓት በላይ ይጨምራል። ጸሐፊው የቆጠሩት የክፍል ጊዜ ደግሞ በ14 ሳምንት ሲባዛ 28 ሰዓት ነው። እንግዲህ ማንበቡና ማነጋገሩ ብቻ የክፍሉን ሦስት እጥፍ አልፏል፤ ዝግጅቱን ገና አልነካነውም። ከዝግጅቱም አድካሚው ተማሪዎች የሚሠሩበትን ጉዳይ መፍጠር ነው። ፍሬ ነገሩ ለሁለቱም ወገን የሚያከራክር መሆን አለበት፤ አንዱ ወገን ግልጽ አሸናፊ ከሆነ ተማሪው የሚያስበው የለም። ሕጉም ለጀማሪ እንዳይበዛበት፣ እንዳያንስበትም መመጠን ይኖርበታል። መምህሩ ጉዳዩን ከማደሉ በፊት ራሱ ምርምሩን ሠርቶ፣ ራሱ ጽፎት ካልፈተነው በሦስተኛው ሳምንት ተማሪዎቹ ያላየውን ውሳኔ ይዘው ይመጡበታል።

ይህን ያህል እርማት ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። በአብዛኛው የሕግ ትምህርት ተማሪ በሴሚስተር መጨረሻ አንድ ፈተና ይጽፋል፣ ውጤቱን ያያል፣ የት ጋ እንደተሳሳተ ሳያውቅ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የካርኔጊ ፋውንዴሽን በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአሜሪካ የሕግ ትምህርት ጥናት አጥብቆ ከነቀፋቸው ልማዶች አንዱ ይህ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ተማሪው ውጤቱ ከመቆረጡ በፊት ሥራውን የሚያነብለት ሰው የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ በሕግ ጽሑፍ ክፍል ብቻ ነው። ያንን ከወሰድንበት የሚተርፈው ንግግር ነው።

ስለ ናሙና መልስ ብዙ አልልም። ተማሪው የራሱን ረቂቅ ከጻፈ በኋላ ቢሰጠው ጠቃሚ ነው፤ ከዚያ በፊት ከተሰጠው ቅርጹን ይገለብጣል፣ ለእርማት ምትክ ከሆነ ደግሞ የራሱን ስሕተት ከሰው ጽሑፍ ውስጥ እንዲፈልግ መፍረድ ነው።

የሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ጉዳይ ግን በቀላሉ አይታለፍም። በኒው ዮርክ ደቡባዊ ዲስትሪክት የፌዴራል ፍርድ ቤት በአቪያንካ አየር መንገድ ላይ በቀረበ የጉዳት ካሣ ክስ፣ የከሳሹ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን ስድስት የሌሉ ውሳኔዎች ጠቅሰው ጽሑፍ አቀረቡ። ዳኛው ኬቨን ካስቴል በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. በጠበቆቹና በቢሯቸው ላይ 5,000 ዶላር ቅጣት ጣሉ፤ ያልጻፉት ውሳኔ በስማቸው ለተጠቀሰባቸው ዳኞችም ደብዳቤ እንዲጽፉ አዘዙ። መጣጥፉ ይህን ጉዳይ ይጠቅስና መሣሪያው ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል ብሎ ያልፈዋል። ይሻሻል። በዚያ ጉዳይ የጎደለው አንድ ሰው ውሳኔዎቹን አውጥቶ ማንበቡ ነው፤ ማሽን ሲሻሻል ይህ ግዴታ ከጠበቃው ላይ አይነሣም። የሕግ ጽሑፍ ክፍል የሚያስተምረው ዋናው ልማድ ያነበቡትን ብቻ መጥቀስ ነው። ታዲያ መምህሩ ራሱ ያላነበበውን ረቂቅ በማሽን አሳርሞ ቢመልስ፣ ተማሪው ያላነበበውን ውሳኔ ቢጠቅስ በምን አፉ ይገሥጸዋል? ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥብ ለማየት፣ የተደጋገመ ቃል ለመልቀም መሣሪያው ያግዝ፤ አልቃወምም። አሳቡ የተሰበረበትን ቦታ ግን ብዙውን ጊዜ ከወረቀቱ ላይ እንኳ አላገኘውም። ተማሪውን አስቀምጬ «እዚህ ጋ ምን ማለትህ ነበር?» ስለው፣ በአፉ የሚነግረኝ ከጻፈው በጣም የተሻለ ይሆናል። «እንግዲያው እሱን ጻፈው» እለዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ ከማደርገው ሁሉ በላይ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል።

ተማሪዎች መጻፍን ሥራ ላይ ይማሩታል የሚለው ነጥብ አዲስ አይደለም፤ ከሕግ ትምህርት ቤቶች አሠራር ጋር አብሮ ያረጀ ነው። ክሪስቶፈር ኮሎምበስ ላንግዴል በ1870 እ.ኤ.አ. የሃርቫርድ ሕግ ትምህርት ቤት ዲን ሆነው ውሳኔዎችን እያነበቡ በጥያቄና መልስ መማርን ሲያስገቡ፣ ተማሪው የተካነ አንባቢ እንዲሆን በር ከፈቱ፤ መጻፍ ግን በዚያ ሥርዓት ውስጥ ቦታ አልተሰጠውም። ቦታ እስኪያገኝ ከመቶ ዓመት በላይ ወሰደ። በ1992 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ግብረ ኃይል፣ የማክክሬት ሪፖርት በሚባለው ሰነድ፣ ለጠበቃ መሠረታዊ ናቸው ያላቸውን አሥር ክህሎቶች ሲዘረዝር የሕግ ትንተናን፣ ምርምርንና ተግባቦትን ከእነዚያ መካከል አስቀመጠ። ማኅበሩ ለሕግ ትምህርት ቤቶች ያወጣው የዕውቅና መስፈርትም ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት አንድ፣ ከዚያ በኋላ ቢያንስ አንድ፣ በመምህር ክትትል የሚሠራ የጽሑፍ ሥራ እንዲኖረው ያስገድዳል። እዚህ የደረሱት የቢሮው ትምህርት ለሁሉም እንደማይዳረስ ስለታየ ነው። ጊዜና ትዕግሥት ያለው አለቃ ያገኘ ጀማሪ ዕድለኛ ነው። ብቻውን ቢሮ የሚከፍተው፣ ወይም መዝገብ በተከመረበት መሥሪያ ቤት የሚመደበው ጀማሪ የሚማረው በደንበኛው ላይ ነው። ያ ደንበኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌለው ሰው ነው።

የክፍያው ነጥብ ከሁሉም አሳዝኖኛል። ሌላ ገቢ ላለው ሰው ክፍያ አያሳስብም ማለት፣ ሥራውን ሌላ ገቢ ላለው ብቻ መተው ነው። ትልቅ ቢሮ ውስጥ የተደላደለ ጠበቃ ይችለዋል። ለድሆች ነጻ የሕግ አገልግሎት የምትሰጥ ጠበቃ፣ ብቻውን የሚሠራ፣ ማታ ልጅ የምታስተኛ እናት ግን ያንን ሁሉ የእርማት ሰዓት ያለ ክፍያ ልትሸከም አትችልም። ተማሪዎች ከፊታቸው አንድ ዓይነት ጠበቃ ብቻ ያያሉ። በክፍል ሰዓት ብቻ የሚከፈለው መምህር ደግሞ ዓመት ሠርቶ ይሄዳል፤ የሚተካው ከባዶ ይጀምራል፤ የትኛው የመለማመጃ ጉዳይ እንደሠራ፣ ተማሪዎች የትኛው ላይ እንደሚወድቁ የሚያስታውስ ሰው በትምህርት ቤቱ አይኖርም። ይህ ዝቅ አድርጎ የማየት ነገር በሙሉ ጊዜ መምህራኑም ላይ ደርሷል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር መስፈርት ለዓመታት ለክሊኒክ መምህራን፣ ማለትም ተማሪዎች እውነተኛ ደንበኞችን እየረዱ የሚማሩበትን ክፍል ለሚመሩት፣ ከቋሚ ቅጥር ጋር የተቀራረበ ዋስትና ሲጠይቅ፣ ለሕግ ጽሑፍ መምህራን ያስቀመጠው ከዚያ የላላ ነበር። የትርፍ ሰዓቱ መምህር ይህን ሲቀበል የራሱን ኪስ ብቻ አይደለም የሚነካው፤ የባልደረቦቹን የመደራደር አቅምም ነው።

መጣጥፉ ጭራሽ ያላነሣው አንድ ነገር አለ፤ ለትርፍ ሰዓት መምህር ግን ከባዱ አደጋ እሱ ነው። የመለማመጃ ጉዳይ መፍጠር አድካሚ ስለ ሆነ፣ ከራስ መዝገብ አንዱን አንሥቶ ስም ቀይሮ መስጠት ያጓጓል። የደንበኛ ምስጢር ግን በስም ብቻ አይታወቅም። የውሉ ዓይነት፣ የጉዳቱ አኳኋን፣ የቀናቱ ቅደም ተከተል ሰውየውን ያስታውቃሉ፤ ከ20 ተማሪዎች መካከል አንዱ ዘመዱ ወይም የተቃራኒው ወገን ጸሐፊ ሊሆን ይችላል። በሒደት ላይ ያለ ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ተማሪዎችን ሳያውቁ ለቢሮው ምርምር ማሠራት ይሆናል፤ ይህ በየትኛውም መመዘኛ ነውር ነው። ከመዝገብ መውሰድ የሚቻለው የሕጉን ጥያቄ ነው፤ ፍሬ ነገሩ ከሥር ጀምሮ አዲስ ይፈጠር። ቀጠሮም እንዲሁ ሊታሰብበት ይገባል። ችሎት ተራዝሞ ክፍሉ ቢሰረዝ ማካካስ ይቻላል፤ ረቂቅ ተይዞ ሦስት ሳምንት ቢቆይ ግን ተማሪው የጻፈውን ረስቶታልና አስተያየቱ ዋጋ የለውም።

ጸሐፊው ሲጨርሱ ጥሪ ሲመጣ ቶሎ ፈርሙ ይላሉ። እኔ ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ እላለሁ። በክፍሉ ስንት ተማሪ ይኖራል? ቁጥሩ ሲጨምርስ ክፍያው ይጨምራል? ስንት ረቂቅ ይታረማል፣ በስንት ቀን ውስጥስ ይመለሳል? የመለማመጃውን ጉዳይ ማን ያዘጋጃል፣ ባለፈው ዓመት የተሠራበትስ ይገኛል? ተማሪን ለብቻ ለማነጋገር የሚዘጋ በር ያለው ክፍል አለ? የትምህርት ቤቱን የሕግ መረጃ ቋት መጠቀም ይፈቀዳል፣ ወይስ የቢሮዬን የይለፍ ቃል መጠቀም ይጠበቅብኛል? ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያስተምር ሰው የታረመ ረቂቅ አብሮት አይቶ አስተያየት የሚሰጥ ነባር መምህር ይመደባል? ውሉ ይታደስ አይታደስ የሚነገረውስ መቼ ነው? ሴሚስተሩ ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ከሆነ፣ መምህሩ አዲስ ጉዳይ የሚያዘጋጅበት ጊዜ አይኖረውምና ይህ ከፊርማው በፊት በውሉ ላይ መስፈር አለበት።